የቤኒ ሻንጉል ወርቅና አጣቢዎቹ

ከገዳሪፍ በስተደቡብ፣ ዓባይ ከኢትዮጵያ ተራሮች ወርዶ የሱዳንን ሜዳ በሚይዝበት ጠረፍ፣ ፋዞግሊና ቤኒ ሻንጉል የሚባሉ ጥንታዊ የወርቅ አገሮች ይገኛሉ። የበርታ ሕዝብ ከወንዞቹ አሸዋ ወርቅ እያጠበ፣ በጨውና በጨርቅ እየለወጠ ኖሯል። ዝናቡ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ ሴቶች አሸዋውን በገበቴ እያማቱ ቀላሉን ደለል ከውኃው ጋር ያፈሱታል፤ ከባዱ ወርቅ ከሥር ይቀራል። ሥራው ከእርሻው ጎን ለጎን የሚከናወን የቤተሰብ ሥራ ነው።

የወርቁ ዝና ግን ከመጠኑ ይልቅ ገዝፎ ካይሮ ደረሰ። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት፣ ከዓላማዎቹ ዋነኞቹ ወርቅና ባሪያ ነበሩ። ልጁ ኢስማኢል ፓሻ በ1821 ሰናርን ይዞ፣ ፈረንሳዊውን ተጓዥ ካዮን አስከትሎ እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። ያገኘው ወርቅ እጅግ ጥቂት ነበር። ሲመለስም በ1822 በሸንዲ የጃዓሊን አለቃ መክ ኒምር በእሳት አጠፋው። መክ ኒምርም ከበቀል ሸሽቶ ወደ ወልቃይት ጠረፍ ገባ።

ፓሻው ተስፋ አልቆረጠም። ከ1838 እስከ 1839፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ ራሱ ፋዞግሊ ድረስ ወረደ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላም ሩሲያዊው የማዕድን መሐንዲስ ኮቫሌቭስኪ በቱማት ወንዝ አካባቢ የወርቅ ማጠቢያ አቋቋመለት። ይህም ቢሆን የታለመውን ሀብት አላስገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወርቁ በአንድ ሥፍራ የተከማቸ ሳይሆን በብዙ ወንዞች አሸዋ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ወርቅ ነው። የሚገኝበትን ሥፍራ የሚያውቁትም ነዋሪዎቹ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ወታደርና ባሪያ ፈንጋይ በመጣ ቁጥር ወደ ተራራ ይሸሹ ነበር። ሰውን ለባርነት የሚያድን መንግሥት ወርቅ አጣቢውን አብሮ አባረረው።

በ1897 እና 1898 የራስ መኰንን ዘመቻ ቤኒ ሻንጉልን ለአፄ ምኒልክ አስገበረ። በ1902 በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተደረገው ውል ቤኒ ሻንጉልን ለኢትዮጵያ፣ ፋዞግሊን ለሱዳን አደረገ። ከዚያ ወዲህ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ግብሩን በወርቅ ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ነበር፤ የመዲናይቱ ሸጎሌ ሠፈርም ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ከሼሁ ግብር ጀርባ ግን አሸዋውን ያማቱ እጆች ነበሩ፤ የባሪያ ንግዱም ከወርቁ ጎን ለረጅም ጊዜ አልተቋረጠም።

ድንበሩ የበርታን ሕዝብ ከሁለት ከፈለው። ኩርሙክም በሁለቱም ወገን የሚጠራ ስም ሆነ። ፓሻዎችና ገባሪ ሼሆች ካለፉ በኋላ ግን የገበቴው ሙያ አልጠፋም፤ ዛሬም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወንዞች ዳር ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለመንግሥታት ምኞት ያልበቃው ወርቅ፣ ከእርሻው ጋር ተዳብሎ ቤተሰብ ሲያኖር ቆይቷል።