ብስክሌቷ፣ ሱሪውና የቡናው ክፍል

ጥቅምት ለእኛ ዝናቡ ያበራበት፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ የሆነበት ወር ነው። ለእንግሊዞች ግን ቅጠል የሚረግፍበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት ወር ነው። ብርዱ ሳይጠና አንድ ቀን ወደ ገጠር ወጣ ብሎ መመለስ ለከተሜው እንግሊዛዊ የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱን በብስክሌት ያስያዙት ደግሞ የብስክሌት ክበቦች ናቸው። ዛሬ የምናወጋችሁ ከእንዲህ ያሉት የጥቅምት ጉዞዎች በአንዱ ላይ ተፈጥሮ ፍርድ ቤት ድረስ ስለሄደ ጉዳይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ክበቦቹ ጥቂት እንበል። እስከ ዛሬ ካሉት የመጀመሪያው የሆነው የፒክዊክ ብስክሌት ክበብ ለንደን ውስጥ የተመሠረተው በ1870 ነው። ስሙን የወሰደው በዚያው ዓመት ካረፈው ደራሲ ከቻርልስ ዲክንስ ሥራ ነው። የዚያን ዘመን ብስክሌት የፊት ጎማው ከሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ደግሞ ትንሽዬ ነበር፤ ድንጋይ ከመታ ነጂውን በአናቱ ይተክለዋል። ክበቦቹ የደንብ ልብስ ነበራቸው፤ ጉዞውን የሚመራ ካፒቴን፣ «ውጡ»፣ «ቀስ በሉ»፣ «ውረዱ» እያለ በጥሩምባ ምልክት የሚሰጥ ነፊም ነበራቸው። ዘመቻ የሚሄዱ እንጂ ሻይ ሊጠጡ ገጠር የሚወጡ አይመስሉም።

ይህ ሁሉ ወግ ያለ ምክንያት አልመጣም። ብስክሌተኛው በመንገዱ ላይ እንግዳ ፍጡር ነበር። ባለ ሠረገላው ፈረሴን አስደነበርክብኝ ይለዋል፤ ፖሊሱ በፍጥነት ይከሰዋል፤ ባለ ሆቴሉ አቧራውንና ላቡን አይቶ በሩን ይዘጋበታል። ብቻውን የሄደ ሰው የሚያነጋግረው አያገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና በነሐሴ 1878 ሃሮጌት በተባለች ከተማ አገር አቀፍ የብስክሌት ተጓዦች ክበብ ተቋቋመ። ክበቡ ከየገጠሩ ሆቴሎች ጋር እየተዋዋለ ለአባላቱ የታወቀ ዋጋና መስተንግዶ አስገኘ። በተዋዋሉት ሆቴሎች ግድግዳ ላይም ክንፍ ያለው ጎማ የተሳለበት ምልክት ተሰቀለ። ያንን ምልክት ያየ አባል «እዚህ ቤት አልባረርም» ብሎ ይገባል። በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ደግሞ ብስክሌት እንደ ማንኛውም ሠረገላ የሚቆጠር መሆኑን ደነገገ። መንገዱም በሩም የተከፈተ መሰለ።

ለማን? ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል።

በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል የሚጠጉ፣ በሰንሰለት የሚነዳውን ብስክሌት ሠራ። በ1888 ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ በስሙ አስመዘገበ። በእነዚህ ሁለት ነገሮች የተነሳ ብስክሌት የጎበዝ መፈተኛ መሆኑ ቀረና ሴቶችም በብዛት ወጡበት። ችግሩ ልብሱ ነበር። መሬት የሚጠርገው ቀሚስ ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል፤ ነፋስ ሲነሳም እንደ ሸራ ይወጠራል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች የሚሰበሰብ ሱሪ መልበስ ጀመሩ። አያቶቻችን ተፈሪ ሱሪ ይሉት የነበረውን የሚያስታውስ ነው። የዚህ አለባበስ ዋና ተሟጋች ሌዲ ሃርበርተን ነበሩ። ከባድና አስጨናቂ የሴት ልብስን የሚቃወም ማኅበር በ1881 ያቋቋሙ፣ የተጓዦቹ ክበብ አባል የነበሩ የባላባት ሚስት ናቸው።

ጥቅምት 27 ቀን 1898 ሌዲ ሃርበርተን ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በሰሪ አውራጃ በብስክሌት እየተጓዙ ነበር። አካባቢው የብስክሌተኞች አገር ነው። ወደ ሪፕሊ መንደር የሚወስደውን፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ የለንደን ክበቦች በየእረፍት ቀኑ ያጣብቡት ነበር። እመቤቲቱ በሪፕሊ አጠገብ ወደምትገኘው ኦካም ደርሰው ሃውትቦይ ከተባለው ሆቴል ገቡና ምሳ ጠየቁ። ሆቴሉ ከክበቡ ጋር የተዋዋለ ነው። የጠየቁትም ወደ ቡናው ክፍል እንዲገቡ ነው። የቡና ክፍል ስንል ረከቦትና ጀበና እንዳይታያችሁ፤ የዘመኑ ሆቴሎች የተከበረ እንግዳ የሚመገብበትን ክፍል የሚጠሩበት ስም ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ማርታ ጄን ስፕራግ ልብሳቸውን አዩና በዚህ አለባበስ ወደ ቡናው ክፍል አይገቡም አሏቸው። መብላት ከፈለጉ ግን ከመጠጥ መሸጫው ጋር በተያያዘው ክፍል ሊስተናገዱ ይችላሉ። እመቤቲቱ በኋላ ለፍርድ ቤት እንደተናገሩት በዚያ ክፍል ወንዶች ያጨሱ ነበር፤ ሽታውም አያስቀምጥም። አልቀመጥም ብለው ወጡ።

ክበቡ የአባሉን ጉዳይ የራሱ ጉዳይ አደረገው። በእንግሊዝ የቆየ ሕግ መሠረት የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው መክፈል የሚችልንና ሥርዓት የያዘን መንገደኛ ያለ በቂ ምክንያት መመለስ አይችልም። ስለዚህ ወይዘሮ ስፕራግ ለመንገደኛ ምግብ በመከልከል ተከሰሱ። በሚያዝያ 1899 ኪንግስተን በተሰየመው ችሎት ጉዳዩ ታየ። መከላከያቸውም አጭር ነበር፤ ምግብ አልከለከልኩም፣ ሌላ ክፍል ሰጥቻለሁ። ጁሪው በዚህ ተስማማና ጥፋተኛ አይደሉም አለ። ክበቡ ተረታ።

እኛን የገረመን የመከላከያው ብልሃት ነው። ማንም «ውጪ» አልተባለም፤ ማንም አልተሰደበም። ምግቡ አለ፣ ወንበሩም አለ፤ ክፍሉ ብቻ ተለወጠ። በር የዘጋ ሰው ቢያንስ በር መዝጋቱ ይታወቅበታል። ሌላ በር የሚያሳይ ግን ክልከላውን ግብዣ አስመስሎ ያቀርበዋል። የተከለከለው ሰው ቅር ሲለው ደግሞ «ምን ጎደለብህ?» ተብሎ መልሶ እሱ ይወቀሳል። አንባቢዎቻችን ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድ እንደማያስፈልጋችሁ እናምናለን።

ለነገሩ መልስ የሚሆን ፍርድ ለመስማት 83 ዓመት አስፈለገ። ለንደን ውስጥ የጋዜጠኞች ሰፈር በነበረው ፍሊት ጎዳና ኤል ቪኖ የሚባል የወይን ቤት አለ። ቤቱ ወንዶችን ባንኮኒው ጋ እንደቆሙ ሲያስተናግድ ሴቶችን ግን ከኋላ ባለው ክፍል ተቀምጣችሁ ይቅረብላችሁ ይል ነበር። የሕግ ባለሙያዋ ቴስ ጊልና ጋዜጠኛዋ አና ኩት ከሰሱት። የመጀመሪያው ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረገው። በኅዳር 1982 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ1975ቱን የጾታ መድልዎ ሕግ ጠቅሶ ለሴቶቹ ፈረደላቸው። ወሬውና ወዳጁ ያለው ባንኮኒው ጋ ነው፤ ከዚያ ተለይቶ ሌላ ቦታ መስተናገድ ራሱ ማነስ ነው አለ። የሃውትቦይ ጁሪ ያላየው ይህንን ነበር።

ታዲያ ክበቡ በ1899 ገንዘቡን በከንቱ አፈሰሰ? አይመስለንም። እርግጥ ነው፣ ያ ፍርድ የሴቶችን ልብስ በአንድ ሌሊት አልለወጠውም፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በቀሚስ ነዱ። ነገር ግን በአንዲት ሴትና በአንዲት ባለ ሆቴል መካከል ተድበስብሶ ሊቀር የነበረ ጉዳይ ችሎት ፊት ቆመ፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ አገር መከረበት። የክበብ ጥቅሙ ጎማ ሲፈነዳ የሚያግዝ ጓደኛ ማግኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ያ ክበብ ከ2016 ጀምሮ ሳይክሊንግ ዩኬ በሚል ስም ይጠራል፤ አባላቱም ዛሬ በጥቅምት ወር በእነዚያው በቁጥቋጦ በታጠሩ ጠባብ የሰሪ መንገዶች ላይ እርጥብ ቅጠል እየረገጡ ይነዳሉ። ምሳ ሲደርስ ብስክሌታቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ያሻቸውን ለብሰው፣ ካሻቸው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያ ወንበር በስንት ክርክር እንደተገኘ ለማሰብ ጊዜ የሚኖረው ሻዩ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።