ማሲንቆ በላስታ፤ የጀማሪው ትምህርት ታሪክ

የላስታ ስም በተነሣ ቍጥር በመጀመሪያ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት በላሊበላ ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። እነዚህም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፉ ስለ ሆነ፥ ሊቅም ጎብኚም ያውቃቸዋል። ነገር ግን በዚያው አገር ከድንጋይ ያልተሠራ፥ በመዝገብም ያልሰፈረ፥ ከጆሮ ወደ ጆሮ ብቻ የተላለፈ ሌላ ርስት አለ፤ ይኸውም የማሲንቆ ትምህርት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ አንድ ጀማሪ ማሲንቆን እንዴት ይማር እንደ ነበረና ዛሬ እንዴት እንደሚማር ለመመልከት እንሞክራለን።

ማሲንቆ ሲያዩት ቀላል መሣሪያ ነው። አራት ማዕዘን ያለው የእንጨት ሣጥን፥ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፥ ረዘም ያለ አንገት፥ አንዲት ብርኩማ፥ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ክር፤ መምቻውም ጭራ የተወጠረበት ደጋን ነው። የኤውሮጳ ቫዮሊን አራት ክር አለው፤ ጣትም ክሩን የሚጫንበት እንጨት ከሥሩ ተዘርግቶለታል። የማሲንቆ ጀማሪ ግን ይህ ድጋፍ የለውም። ጣቱ ክሩን በአየር ላይ እንዳለ ይነካዋል እንጂ ከእንጨት ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ድምፁ ትክክል መሆኑን የሚያስታውቀው ምልክት በዓይን አይታይም፤ ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው።

እኛ ራሳችን በላሊበላ በቆየንባቸው ጥቂት ወራት ይህን በሚገባ ተረድተናል። ያስተማሩን ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ደጋኑን ጨብጠን ብንስበው አንዳች ድምፅ አልወጣም፤ ጭራው ሙጫ አልተቀባም ነበርና። ሙጫው በተቀባ ጊዜ ደግሞ የወጣው ድምፅ ቅባት ያጣ በር ሲከፈት የሚሰማውን ይመስል ነበር። «አባባ፥ ጣታችንን የት እናድርግ?» ብለን ብንጠይቅ፥ «ልጄ፥ ጣት ኋላ ይደርሳል፤ አስቀድመህ ዝም ብለህ ስማ» አሉን። ከዚያም ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ደጋን ከመሳብ በቀር ሌላ ሥራ አልሰጡንም።

ይህ መልስ የአንድ ሽማግሌ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የጥንቱ ትምህርት ሥርዐት መሆኑን በኋላ አስተዋልን። የአዝማሪ ልጅ መምህር አይቀጠርለትም ነበር። በአባቱና በአጎቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ ሠርግና ድግስ ተከትሎ፥ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮው ይለያል። ከእነዚህ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ በወሎ አገሮች ስም መጠራታቸውን ልብ ይሏል። ልጁ ከጣት ጋር አንደበትንም ይማራል፤ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም በቅጽበት መፍጠርንና አዝማሪዎች ብቻ የሚግባቡበትን የምስጢር ቋንቋ ይለምዳል።

በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በምልክት ሲጻፍ ኖሯል። የዜማ ተማሪ የረሳውን ከብራና ያገኘዋል። ማሲንቆ ግን ስሙ በግእዙ ዳዊት ሲጠራ እየተሰማ፥ መሣሪያው ወደ ቅዳሴ አልገባም፤ ምልክትም አልተጻፈለትም። አዝማሪ የሚለው ስም ከመዝሙር ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ሆኖ ሳለ፥ ባለሙያው ብዙ ጊዜ በንቀት ይታይ ነበር። ሕዝቡ በሠርጉ ያለ እርሱ አይደሰትም፤ ልጁን ግን አይድርለትም።

ይሁን እንጂ የአንደበቱን ኀይል ጠላት እንኳ ሳይረዳው አልቀረም። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ፥ ፋሽስቶች ጠንቋዮችንና በየአገሩ እየዞሩ ወሬና ግጥም የሚያሰሙትን ሰዎች እየያዙ እንዲገድሉ ትእዛዝ ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ሰው በሞተ ጊዜ መጽሐፍ አልተወምና ትምህርቱም አብሮት ይቀበራል።

የትምህርቱ በር ለሌላው ሰው በግልጥ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ የአገር መሣሪያዎችን በአንድነት ያሰማውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከማሲንቆ መቺዎቹ አንዱ የነበሩት ጌታመሳይ አበበ ቻርልስ ሳተን የሚባለውን አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል አስተማሩት፤ እርሱም በ1969 እ.ኤ.አ. ከቡድኑ ጋር በአሜሪካ እየተዘዋወረ ተጫውቷል። በአዲስ አበባም የቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ማሲንቆን፥ ክራርንና ዋሽንትን ያስተምራል። ስለዚህ ማሲንቆ ለመማር ከአዝማሪ መወለድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል።

ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ኪሣራ የለበትም ለማለት ግን አንደፍርም። ትምህርት ቤት ጣትን ያስተካክላል፥ ቅኝትንም በወረቀት ያኖራል። ነገር ግን ሰውን አይቶ በቅጽበት የሚገጥም አንደበት በክፍል ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይመስለንም። ያ አንደበት ያለው በሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው፤ የላስታ መምህራንና ተማሪዎች ማሲንቆን ለመማር ሲነሡ አዝማሪውን ለመዝናኛ ብቻ አይጥሩት፤ እንደ መሪጌታው ሁሉ መምህር ብለው ከፊቱ ይቀመጡ። እኛም ከላሊበላ የተመለስነው አንዲት ዜማ እንኳ አጥርተን ሳንጫወት ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ማሲንቆ በሰማን ጊዜ፥ አንዱን ክር ለማናገር ስንት ዘመን ዝም ብሎ ማዳመጥ እንደ ጠየቀ እናስባለን።