ከቀበሌ አዳራሽ እስከ ወጣቶች ማዕከል፦ የጥበብ ተለማማጅነት በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌና በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ በተባለው ክፍለ ከተማ፣ ወጣቱ ወደ ጥበብ ሥራ የገባበት መንገድ ከመሃል ከተማው የተለየ ነው። መሃል ከተማው በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ስለነበሩት ጀማሪው ከነባር ተዋንያንና ሙዚቀኞች ጎን እየሠራ ሙያውን ይቀስም ነበር። ቦሌ ግን የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ እየሰፋ የሄደ አዲስ ሰፈር በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ የሙያ ቤት አልነበረውም።

ይህን ክፍተት የሞላው የቀበሌ አዳራሽ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ነዋሪው በቀበሌ፣ ቀበሌዎችም ከፍተኛ በሚባል እርከን ተደራጁ፤ በየቀበሌውም የወጣቶች ማኅበር ሲቋቋም በሥሩ ኪነት፣ ማለትም የዘፈን፣ የውዝዋዜና የአጭር ድራማ ቡድን ተመሠረተ። የቡድኑ አባል ደመወዝ አልነበረውም፤ ከትምህርት ቤት መልስ በአዳራሹ እየተለማመደ በአብዮት በዓልና በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መድረክ ላይ ይቀርብ ነበር። የዝግጅቱ ይዘት ከመንግሥት ፖለቲካ የማይወጣ፣ ግጥሙም ከመቅረቡ በፊት የሚመረመር ስለነበር ዘመኑን የነፃ ፈጠራ ዘመን ማለት አይቻልም። ሆኖም ከሥራ አደረጃጀቱ የተገኘው ትምህርት ከመፈክሩ በላይ ዘልቋል፤ የደሃ ልጅ ያለ ክፍያ መሣሪያ መንካት፣ የጎጃምን እስክስታ ከጉራጌ ጭፈራ ጋር በአንድ ምሽት መማር፣ ከተመልካች ፊት መቆምን መልመድ ችሏልና። ከየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች፣ ለምሳሌ ከወሎው ላሊበላና ከጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወጡ ባለሙያዎች ስማቸው በመላ አገሪቱ የተሰማው፣ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞም በልዩ ልዩ አገሮች ትርኢቱን ለማሳየት የበቃው፣ እንዲህ ባለ የልምምድ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የቀበሌ ኪነት ደጋፊ አጥቶ ተበተነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥረት በአብዛኛው ከማኅበራትና ከበጎ አድራጊዎች የተነሣ ነበር። ከእነዚህ መካከል ልዩ ትኩረት የሚገባው አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ውዝዋዜ ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አስተማሪ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና» የተባለውን ትርኢት ካዘጋጀ በኋላ ከእነርሱ የተመረጡት ለዓመታት የዘለቀ ሥልጠና አገኙ፤ ሠልጣኞቹም ራሳቸው አስተማሪ ሆነው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ጭምር አሠለጠኑ። ከቡድኑ የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ደግሞ ዴስቲኖ የተባለውን የውዝዋዜ ቡድን መሥርተዋል። የተማረው የሚያስተምርበት ይህ ሥርዓት የቀበሌ ኪነት ያልነበረው ብርታት ነው፤ ኪነቱ የቆመው በመንግሥት ትእዛዝ ሲሆን፣ የአዱኛ እውቀት ግን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር።

ዛሬ ወጣቱ ወደ ጥበብ ቤት የሚገባበት በር የወጣቶች ማዕከልና የትብብር ሥልጠና ሆኗል። የትብብር ሥልጠና የሚባለው የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ከማሠልጠኛ ተቋሙ ውጭ በሥራ ቦታ እየሠራ የሚማርበት አሠራር ሲሆን፣ ከትምህርቱ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የተቀመጠው መመሪያ መነሻው ነው። አሠራሩ በጋራዥና በሕንፃ ግንባታ ሥራ ተለምዷል፤ በጥበብ ማዕከል ግን የሚለካ ምርት ስለማይታይ ሠልጣኙ በመዝገብ ቤት ወይም በአዳራሽ ጠባቂነት ሊወሰን ይችላል። የምሥራቁ ክፍል አሠፋፈርም ችግሩን ያከብደዋል፤ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ እስከ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ የጋራ መጠቀሚያ ቤቶችን ሲያካትት በዋናነት ያሰበው ስለ ማብሰያ፣ ስለ ማጠቢያና ስለ እርድ ነው፤ ልምምድ ስለሚደረግበት ክፍል አላሰበም።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮና የየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይገባል፦ ለልምምድ የሚላክ እያንዳንዱ ወጣት ሥራውን የሚያሳየው አንድ ነባር ባለሙያ ይመደብለት፤ በየሰፈሩ ያሉ አዳራሾችም ከስብሰባ ሰዓት ውጭ ለልምምድ ክፍት ይሁኑ።