ጊንጡና ተርቡ፦ የዐረብኛን ሰዋስው የሠሩት ተማሪዎች

ዐረብኛ ሰዋስው የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንድ ጠበኛ ጋር ይተዋወቃል። ስሙ ዘይድ ነው፤ ሥራው ዐምርን መምታት ነው። እኛ በሶ በሚበላው አበበ ንባብ እንደጀመርነው ሁሉ፣ የዐረብኛ ተማሪም በዚህ ዱላ ይጀምራል። ቁምነገሩ ግን ዱላው አይደለም። ማን መታ፣ ማን ተመታ የሚለውን የሚናገረው የቃሉ መጨረሻ ነው። ‘ዘይዱን’ ካለ መቺው እሱ ነው፤ ‘ዘይደን’ ካለ ደግሞ ተመቺው። የቃላቱን ቦታ ብትቀያይሩት እንኳ መቺው መቺ፣ ተመቺውም ተመቺ እንደሆነ ይቀራል። ይህ የቃል መጨረሻ መለዋወጥ ‘ኢዕራብ’ ይባላል። ብዙ ጀማሪ ደብተሩን የሚዘጋውም እዚህ ላይ ነው። “ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ዐረቦቹ ራሳቸው ያውቁታል እንዴ?” ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የዐረብኛ ሰዋስው ራሱ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባስራ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ የጦር ሰፈር ሆና ተቆርቁራ ወዲያው ከተማ ሆነች። ከበረሃ የመጣ ዐረብ፣ ፋርሳዊ ነጋዴ፣ ባሪያና ነፃ የወጣ ሰው በአንድ ገበያ ይውላሉ። ሁሉም ዐረብኛ ይናገራል፤ ሁሉም ግን እንደየአፉ። የቃል መጨረሻዎች መርገፍ ጀመሩ። በ688 ገደማ ስላረፈው ስለ አቡል አስወድ አድዱአሊ አንድ ታሪክ ይነገራል። ሴት ልጁ በሰማዩ ውበት ተደንቃ “ሰማዩ እንዴት ያምራል!” ልትል ፈልጋ አንዷን ድምፅ ሳተችና “ከሰማይ የሚያምረው ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ ሆነባት። አባትዬው “ከዋክብቱ ናቸው” ብሎ መለሰላት። እሷ ግን መገረሟ እንጂ መጠየቋ አልነበረም። የሰዋስውን የመጀመሪያ ድንጋይ ያስቀመጠው በዚህ ደንግጦ ነው ይባላል። ታሪኩ በትክክል እንዲህ ይሁን አይሁን፣ ያሰጋቸው ነገር እውነት ነበር፦ አንዲት አናባቢ ስትሳት ትርጉም አብሮ ይሄዳል።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ አንድ ፋርሳዊ ወጣት ወደ ባስራ መጣ። በቅጽል ስሙ ሲበወይህ ይባላል። የመጣው ሐዲስ ሊማር ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ፊት ሲያነብ ‘አባ’ ማለት ሲገባው ‘አቡ’ አለ። መምህሩም ስህተቱን በሰው ፊት ነገሩት። የሚነገርለት ታሪክ እንደሚለው፣ ወጣቱ ከዚህ በኋላ ማንም ስህተት የማያገኝብኝን ትምህርት እማራለሁ ብሎ ወደ ሰዋስው ዞረ። ቋንቋ የተማረ ሁሉ ይህን እፍረት ያውቀዋል። አፍህን ስትከፍት አገርህ ይታወቅብሃል።

ሲበወይህ የገባው ወደ አል ኸሊል ኢብን አሕመድ ዘንድ ነበር። አል ኸሊል የዐረብኛን የግጥም ምጣኔ ሥርዓት የቀመረ ሊቅ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ የዐረብኛ መዝገበ ቃላትም የእሱ ሐሳብ ነው፤ ‘የዐይን መጽሐፍ’ ይባላል። ቃላቱን የደረደረው ድምፆቹ ከጉሮሮ ወደ ከንፈር በሚወጡበት ቅደም ተከተል ሲሆን፣ የጀመረው ከጉሮሮ በምትወጣው በ‘ዐይን’ ነው። የእነዚህ ሰዎች ዘዴ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሕግ መደንገግ አልነበረም። ከበረሃ የመጡትን ዐረቦች ይጠይቃሉ፣ ይሰማሉ፤ የጥንት ግጥም ይሰበስባሉ፤ ሕጉን ከዚያ ያወጣሉ። ሲበወይህ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ከ1,000 በላይ የግጥም ስንኞች በማስረጃነት ቀርበዋል። ሥነ ጽሑፍ ለእነሱ ከሰዋስው በኋላ የሚመጣ ጌጥ አልነበረም፤ ሰዋስው የሚቆምበት መሬት ነበር።

ከዚያ ወደ ባግዳድ ሄደ። በበርመካዊው ባለሥልጣን በየሕያ ፊት ከአል ኪሳኢ ጋር ተከራከረ። አል ኪሳኢ የከሊፋው የሃሩን አል ረሺድ ልጆች አስተማሪ፣ የኩፋ ሊቃውንት አለቃ ነው። የቀረበው ጥያቄ ስለ ጊንጥና ስለ ተርብ ነበር፤ የማን ንድፊያ ይብሳል የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ‘ሂየ’ ይባላል ወይስ ‘ኢያሃ’? ሲበወይህ የሚሆነው ‘ሂየ’ ብቻ ነው አለ። አል ኪሳኢ ‘ኢያሃ’ም ይቻላል አለ። ታዲያ ማን ይፍረድ? ከደጅ የነበሩ የበረሃ ዐረቦች ተጠሩ፤ እነሱም ለአል ኪሳኢ መሰከሩ። ጉቦ በልተው ነው የሚሉ አሉ፤ ባለሥልጣኑን ፈርተው ነው የሚሉም አሉ። ሲበወይህ ተሸንፎ ወደ ፋርስ ተመለሰ፤ በ796 ገደማ ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። መጽሐፉን ርእስ እንኳ አላወጣለትም። ተማሪው አል አኽፈሽ ለትውልድ አስተላለፈው፤ ሰዎችም በቀላሉ ‘አል ኪታብ’፣ ‘መጽሐፉ’ አሉት። በተርቡ ጥያቄ ከኋላ የመጡት አብዛኞቹ ሊቃውንት ለሲበወይህ ፈረዱለት።

በ‘አቡ’ ምክንያት ያፈረው ሰው የቋንቋው ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ብቻውን አይደለም። አል ዘመኽሸሪ (በ1144 ያረፈ) የኸዋሪዝም ሰው ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚያጠናትን ትንሿን ‘አጅሩሚያ’ የጻፈው ኢብን አጁሩም (በ1323 ያረፈ) የሞሮኮ በርበር ነው። ኢብን ኸልዱን ይህን አስተውሎ፣ በእስልምና ዓለም ከዕውቀት ባለቤቶች የሚበዙት ዐረብ ያልሆኑ ናቸው ብሎ ጽፏል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በአፍ የተወለድክበትን ቋንቋ ሕግ አትጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከውጭ የመጣው ነው።

ይህ ሰልፍ እኛ ጋ ይደርሳል። በወሎ ደረሳው ስንቁን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየዞረ ነሕው ይቀራል፤ ከ‘አጅሩሚያ’ ተነስቶ 1,000 ያህል ስንኝ ወዳለው ወደ ኢብን ማሊክ ‘አልፊያ’ ይደርሳል፤ በቃሉም ይይዘዋል። በቤተ ክህነቱ በኩልም ዐረብኛ ያስፈልግ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ነው ወደ ግዕዝ የተተረጎመው። የግብፅ ክርስቲያኖች የቅብጥና የዐረብኛ የቃላትና የሰዋስው መጻሕፍታቸውን ‘ሱለም’ ይሏቸው ነበር፤ መሰላል ማለት ነው። በግዕዝ ‘ሰዋስው’ም መሰላል ነው። ከግራናዳ ተነስቶ ካይሮ የኖረው ሰዋስወኛ አቡ ሐያን (በ1344 ያረፈ) ደግሞ ስለ ሐበሻ ቋንቋ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ዐረብኛ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። ስንጽፍ የምንለያቸው፣ ስናነብ ግን የምንደባልቃቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ በዐረብኛ እስከ ዛሬ ሦስት ድምፅ ናቸው። የግዕዙ ‘ወሀበ’ በዐረብኛም ‘ወሀበ’ ነው፤ ‘ሐሊብ’ም ያው ወተት ነው፤ ‘ኀምስ’ የምንለውን እነሱ ‘ኸምሳ’ ይላሉ። ግዕዝ የቆጠረ ‘ቤት’ ተደራጊ ሲሆን ‘ቤተ’ እንደሚባል ያውቃል፤ ዐረብኛም ‘በይተን’ ይላል። ዘይድን ያስመታችው ያቺው ድምፅ ናት። ለቁርኣን ጥራዝ የሚባለውን ‘ሙስሐፍ’ የሚለውን ቃል ደግሞ ብዙ ምሁራን ከእኛው ‘መጽሐፍ’ የሄደ ነው ይላሉ።

ዛሬ አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት የዐረብኛ ተማሪ አለ። አንዱ ‘አልፊያ’ን በቃሉ ይዞ፣ ገበያ ውስጥ ዋጋ መከራከር ሊቸግረው የሚችለው ነው። ሌላዋ ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ፣ ቋንቋውን በጆሮዋ ለቅማ የተመለሰችው ናት። ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች፤ ጋዜጣ ግን ላታነብ ትችላለች። አንዱ ‘ፉስሓ’ን ይዟል፣ ሌላዋ የመንደሩን ንግግር። የእሷን “የወጥ ቤት ዐረብኛ” ብሎ መናቅ፣ የእሱንም የሞተ ቋንቋ ነው ማለት የተለመደ ነው። ሲበወይህ ግን የሚሠራው በሁለቱም ነበር፤ መምህሩን ይጠይቃል፣ ከበረሃ የመጣውንም ይሰማል። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኘ የቋንቋ ትምህርት ቤት ቢኖር፣ የባስራን ዘዴ ደገመው እንላለን። እስከዚያው ዐረብኛ የጀመራችሁ፣ ኪታቡን ገልጣችሁ ስትጨርሱ ጎረቤታችሁ ከቤይሩት የመጣች እህት ካለች ሄዳችሁ ጠይቋት። መጨረሻዎቹን ሳትጠራ የምታልፋቸው ቃላት የት የት እንደሆኑ ስሙ፤ የሰዋስው ትምህርት የጀመረው እንዲያ ነው።