ከልዩ ልዩ ዕቃ የተሠራች አውቶሞቢል



ከአሮጌ ዕቃ ክምር ፊት ቆሞ፥ «ይህን ሞተር ከዚያ ሻንሲ ጋራ ባገናኘው!» ብሎ የማያልም መካኒክ አይገኝም። ሕልሙን ከፍጻሜ የሚያደርሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። የዛሬው ንግግራችን እንዲህ ስላለች አንዲት መኪና ነው፤ ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ባለጸጋ ሉዊስ ዝቦሮቭስኪ፥ ሊበርቲ የተባለውን 27 ሊትር የአሜሪካ አውሮፕላን ሞተር ከጥንታዊ የጀርመን ቤንዝ ካምቢዮ ጋራ አገጣጠመ። ነገር ግን ሥራው ሳይጠና በ1924 በሞንዛ እሽቅድምድም ላይ ሞተ።

መኪናይቱን የዌልስ ተወላጅ መሐንዲስ ጆን ፓሪ ቶማስ በ125 ፓውንድ ገዛት። በራሱ ንድፍ ፒስተን ሠርቶ፥ አራት ካርቡራተር ገጥሞ፥ «ባብስ» ብሎ ሰየማት። በ1926 በፔንዳይን የባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሰዓት 275 ኪሎሜትር ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘች።

በ1927 መጀመሪያ ማልኮም ካምቤል ይህን ፍጥነት በለጠ። ቶማስም ክብሩን ለማስመለስ ማርች 3 ቀን ወደዚያው አሸዋ ተመልሶ ሲነዳ፥ ባብስ ተገለበጠችና ሞተ። መኪናይቱንም እዚያው ቀበሩአት።

በ1969 አንድ የምሕንድስና መምህር አስቈፍሮ አወጣት፤ ብዙ ዓመት ደክሞም ሞተሯን ዳግመኛ አስነሣው። ቶማስን የገደለው የተበጠሰ ሰንሰለት ነው ሲባል ኖሮ ነበር፤ ከአሸዋ ከወጣች በኋላ ግን ጥርጣሬው ወደ ኋላ ጎማዋ ዞረ።

እንግዲህ ዕቃን ከዕቃ ማጋጠም ብልሃት ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የሚችለውን ሸክም መመዘን ግን ከብልሃቱ ይቀድማል።