ሞቶ የተነሣው ነጭናጫ ደራሲ

በእንግሊዞች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈጠረ አንድ ምስኪን ደራሲ አለ። መጀመሪያ በ1891 ተፈጥሮ አሳዘነ፤ በ2005 እንደገና ተፈጥሮ አሳቀ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የኋለኛውን ላስቀድም። በጥር 2005 ቢቢሲ ሬዲዮ 4 «የኤድ ሪርደን ሳምንት» የተሰኘ አስቂኝ ድራማ ማሰማት ጀመረ። የጻፉት ክሪስቶፈር ዳግላስና አንድሩ ኒኮልድስ ናቸው፤ ኤድን ሆኖ የተወነውም ራሱ ዳግላስ ነው። ኤድ ከለንደን ወጣ ባለችው በርክሃምስቴድ ኤልጋር ከሚባል ድመቱ ጋር የሚኖር፣ ከሚስቱ የተፋታ፣ ኪሱ የሳሳ ጎልማሳ ነው። በሌላ ሰው ስም የሚወጣ መጽሐፍ ይጽፋል፤ አዛውንቶችን ድርሰት ያስተምራል፤ በቀረው ጊዜ ይነጫነጫል። በእሱ ዐይን የጽሑፉ ዓለም በአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች እጅ ወድቋል! የጥንት ወዳጁ ጃዝ ሚልቬይን ግን የፊልም ዳይሬክተር ሆኖ ተንደላቋል።

ስሞቹ እንዲሁ አልመጡም። ጆርጅ ጊሲንግ በ1891 ባሳተመው «ኒው ግራብ ስትሪት» ልብ ወለድ ውስጥ ኤድዊን ሪርደን የሚባል ደራሲና ጃስፐር ሚልቬይን የሚባል ብልጣብልጥ ጋዜጠኛ አሉ። ግራብ ስትሪት ለእንጀራ ብለው የሚጽፉ ሰዎች የከተሙበት የለንደን መንገድ ነበር፤ በ1830 ሚልተን ስትሪት ቢባልም አሮጌው ስም መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያውን ሪርደን የገደለው ሦስት ጥራዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያ ዘመን አንድ ልብ ወለድ በሦስት ጥራዝ ታትሞ 31 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይሸጥ ነበር። ማን ይገዛዋል? አንባቢው እንደ ሙዲ ካሉ አከራዮች ዘንድ በዓመት 21 ሽልንግ ከፍሎ አንድ አንድ ጥራዝ እየተዋሰ ያነብባል። ስለዚህ አንዱ ድርሰት በአንድ ጊዜ ሦስት ደንበኛ ያስተናግዳል። አከራዩ ሦስት ጥራዝ አለ፤ አሳታሚውም ሦስት ጥራዝ አለ፤ ደራሲው ደግሞ ለአንድ ጥራዝ የሚበቃውን ታሪክ ውሃ እየጨመረ ያቀጥናል። ሪርደን ማቅጠኑ አልሆንልህ አለው። ሚስቱ ኤሚ ልጇን ይዛ ተለየችው፤ እሱም የሆስፒታል መዝገብ ጸሐፊ ሆኖ ሲማቅቅ ቆይቶ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ኤሚ 10,000 ፓውንድ ወረሰች። ማን አገባት? ሚልቬይን! ይህ መጽሐፍ ራሱ የታተመው በሦስት ጥራዝ ነው፤ ጊሲንግም ሙሉ መብቱን በ150 ፓውንድ ሸጦታል። አከራዮቹ ለባለ ሦስት ጥራዙ ጀርባቸውን የሰጡት ከሦስት ዓመት በኋላ በ1894 ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ መከራ በ2005 እንዴት ሳቅ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ከሥነ ጽሑፍ ውጪ ነው። በእንግሊዝ ከ1948 ጀምሮ ሕክምና በመንግሥት ወጪ ሆኗል፤ ኤድ ቢያስለው ሐኪም በነፃ ያየዋል። ድህነቱ የማይገድል ሲሆን ጊዜ የሚቆስለው ኩራቱ ነው፤ የቆሰለ ኩራት ደግሞ ያስቃል። ሁለተኛው ምክንያት ሬዲዮው ነው። የጊሲንግ ሰው ብዕሩ ደርቆበት ዝም አለ። ኤድ ግን የሳምንቱን ውርደት ራሱ ይተርክልናል፤ ያውም ባማረና በተኮፈሰ ቋንቋ። ለገንዘብ ብሎ ከሚጽፈው ሁሉ ይልቅ እሮሮው የተዋጣለት ድርሰት ነው፤ ደራሲነቱን ያመንኩትም በዚሁ ነው።

እኔም በገጽ ተቆጥሮ የሚከፈለኝ ነኝ። ሦስት ገጽ ይበቃዋል ያልኩትን ጉዳይ አንድ አዘጋጅ ስድስት አድርገው ብሎኝ ያውቃል፤ አደረግሁት፤ የዚያ ወር የቤት ኪራይ ተከፈለ። ኤድዊን ያልቻለው ይህንን ነበር፤ ኤድ ደግሞ እየተራገመ ያደርገዋል። ሚልቬይን በሁለቱም ዘመን አልፎለታል።