ሞቱ ባሕር ማዶ፣ ክሱ ጭሮ

ስሙኝማ ጎበዝ! ጠጋ ጠጋ በሉ። ከሂርና የመጣችሁ፣ ከበደሳ የመጣችሁ፣ ከገለምሶም ከሚኤሶም ያላችሁ፣ ወሬው የናንተው ነው። አሰበ ተፈሪ በሉት ጭሮ በሉት፣ ከተማው አንድ ነው፤ ዛሬ የማወጋችሁም አንድ ነገር ነው። ሰው ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ቢሞት፣ አሟሟቱም ቢያጠራጥር፣ ደሙን የሚጠይቀው ማን ነው? የትኛው ዳኛ? በየትኛው ሕግ?

አንዲት እናት አለች እንበል። ስም አላወጣላትም፤ ስም ካወጣሁላት አንዲት ትሆናለች፣ እሷ ግን በየቀበሌው አለች። ልጇ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ከጫት ተራ አንድ ሰው አናገረው። «አሁን ምንም አትከፍልም፤ ሳዑዲ ገብተህ ሠርተህ ትከፍላለህ» አለው። ልጁ ለእናቱ ሳይነግር በሌሊት ወጣ። ሚኤሶ ወረደ፣ ድሬዳዋ አደረ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ኦቦክ፣ አንዱ በሶማሌ ምድር አቋርጦ ወደ ቦሳሶ። በሁለቱም ወደብ ጀልባ አለ። ከጀልባው ማዶ የመን ነው።

ከዚያ ስልክ ጮኸ። ድምፁ የልጁ ነው፤ እየደበደቡት ነው የሚያናግሩት። «እማዬ፣ ካልላክሽ ይገድሉኛል!» በሬው ተሸጠ፣ ማሳው በወለድ አገድ ተያዘ። ብሩ እዚሁ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሰው እጅ በእጅ ተሰጠ፤ በሐዋላ ይሄዳል ተባለ። ከዚያ በኋላ ዝም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን አብሮት ታስሮ የነበረ የሰፈር ልጅ ደወለ፦ «እማዬ፣ አላህ ሰብር ይስጥሽ።»

እናትየው ለቅሶዋን ሳትጨርስ አቤት ልትል ሄደች። የተቀበላት ሰው ክፉ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት። «እናቴ፣ ልጅሽ የሞተው የመን ነው። እኛ እዚህ ሆነን የመንን እንዴት እንመረምራለን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አለ። መልሱ ግን አንድ ቃል አይደለምና ታገሡኝ።

ሕግ መሬት ላይ ተተክሎ የሚቀር ነው ወይስ ሰውን ተከትሎ የሚሄድ? ክርክሩ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋሉት የክሎቡኮቭስኪ ውል፣ በእኛው ምድር የሚኖር ፈረንሳዊ ከፈረንሳዊ ሲጣላ በቆንስሉ እንዲዳኝ፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰስም በልዩ ችሎት እንዲታይ አድርጎ ነበር። ፈረንጁ የገዛ ሕጉን ተከትሎት ይዞር ነበር ማለት ነው። በኋላ ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ አሰበ ተፈሪንም ያቀኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ጄኔቫ ሄደውም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ስለዚህ ይህች ከተማ ለሕግ ጽሕፈትም ሆነ በባዕድ ሸንጎ ለመሟገት እንግዳ አይደለችም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሁለቱንም ይዟል። አንቀጽ 11 መሬቱን ይዞ ይቆማል፤ በኢትዮጵያ ግዛት የተፈጸመ ወንጀል በኢትዮጵያ ሕግ ይዳኛል ይላል። አንቀጽ 18 ሰውን ይከተላል። በውጭ አገር በኢትዮጵያዊ ላይ ወንጀል የሠራ ማንም ይሁን ማን፣ ወይም እዚያ ወንጀል የሠራ ኢትዮጵያዊ፣ እዚህ ሊጠየቅ ይችላል። የየመን አሸዋ ላይ የፈሰሰ የኢትዮጵያዊ ደም ከኢትዮጵያ ሕግ አይወጣም።

ግን ልብ በሉ፣ ሁኔታ አለው። ድርጊቱ እዚያም እዚህም ወንጀል መሆን አለበት፤ ግድያ የትም ወንጀል ነውና ይህ አያስቸግርም። ጥፋቱ ተጠርጣሪን ከአገር ወደ አገር አሳልፎ ለመስጠት የሚያበቃ ከባድ መሆን አለበት፤ ይህም አያስቸግርም። ተጠርጣሪው ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘት ወይም ተላልፎ መምጣት አለበት፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጉዳዩ እዚያ በይቅርታ ያልተዘጋ፣ በይርጋም ያልታገደ መሆን አለበት። እዚያው ተከሶ በመጨረሻ ፍርድ ነጻ ከወጣ ደግሞ እዚህ እንደገና አይከሰስም።

ይቅርታ ሲባል አንድ ነገር አስታውሱ። በሳዑዲ የሟች ወራሾች የደም ካሳ ተቀብለው ገዳዩን ይቅር ሊሉ ይችላሉ። ከዚህ ሆኖ በማይነበብ ወረቀት ላይ አሻራ ያሳረፈ አባት ምን እንደፈረመ ላያውቅ ይችላል። ገዳዩ አንድ ቀን እዚህ ቢያዝ፣ ጠበቃው ያንን ወረቀት አውጥቶ «ጉዳዩ በይቅርታ ተዘግቷል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ስለዚህ ካሳ ከመቀበል በፊት ወረቀቱ ይተርጎም፤ «የክስ መብቴን ትቻለሁ» የሚል ካለ ይታወቅ።

አሁን ወደ ሆነው ነገር ልውሰዳችሁ። የካቲት 2004 ዓ.ም.፣ ቤይሩት። የቡራዩ ልጅና የሁለት ልጆች እናት ዓለም ደቻሳ ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ምስል በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። መጋቢት 5 ቀን በሆስፒታል ሳለች ሞተች፤ ራሷን አጠፋች ተባለ። የሊባኖስ ዐቃቤ ሕግ ሲጎትታት የታየውን ሰው ለሞቷ ምክንያት በመሆን ከሰሰው። የዐቃቤ ሕጉን ጥያቄ አያችሁት? «ራሷን አጠፋች» የሚለው ቃል ነገሩን አይጨርሰውም። በእኛም ሕግ አንቀጽ 542 ሰውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋ ወይም የረዳ ይቀጣል ይላል። ከባሕር ማዶ «ራሷን አጠፋች» የሚል ወረቀት ሲመጣ «ማን ገፋት?» ብሎ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

ሁለተኛው ወሬ የሊቢያ ነው። ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያምና ወሊድ በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም፣ ሁለቱም ኤርትራውያን፣ በባኒ ወሊድ ከተማ ስደተኛ አግተው ማስለቀቂያ ሲሰበስቡ የነበሩ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተያዙ። ኪዳነ የተያዘው በሊቢያ ያሠቃየው አንድ ሰው በመንገድ ሲያልፍ አይቶ ስላወቀው ነው። የኪዳነ ክስ መነሻ፣ ጎበዝ፣ የአንድ ሰው ዓይን ነበረች! ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሊድን በ18 ዓመት እስር ቀጣው። ኪዳነ ግን የካቲት 2013 ለችሎት በመጣበት አመለጠ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተከሳሽን በሌለበት ማየት ይፈቅዳልና ነገሩ አልቆመም፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ወሊድም በዚያው ዓመት ለኔዘርላንድ ተላልፎ ተሰጠ። የውጭ ዜጋ ስለሆነ ነው የተሰጠው፤ ኢትዮጵያዊ ቢሆን አንቀጽ 21 አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል፤ እዚሁ ይዳኛል እንጂ።

ሦስተኛው የከበደው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ዘገባ፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ድረስ ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ መግደላቸውን ከተረፉት ሰምቶ ጽፏል። ሳዑዲ መሠረት የለውም አለች፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ከሳዑዲ ጋር አብሬ አጣራለሁ አለ። እዚህ ላይ ሕጉ ቢኖርም ተኳሹ አይታወቅም፤ ቢታወቅም የሌላ መንግሥት ወታደር ነው። ጭሮ ያለ ዐቃቤ ሕግ ብቻውን የሚወጣው ተራራ አይደለም፤ የመንግሥት ለመንግሥት ጉዳይ ነው።

ወደ አስከሬኑ እንምጣ። አንዳንዱ ሳጥን ቦሌ ይደርሳል። ቤተሰብ ቶሎ ሊቀብር ይቸኩላል፤ በሃይማኖትም ወግ ነው። ጥርጣሬ ካለ ግን ቀብሩ ሳይፈጸም ለፖሊስ ተነግሮ አስከሬኑ በሐኪም መመርመር አለበት። ለመንገድ ሲባል የሚወጋው የማድረቂያ መድኃኒት የመርዝን ምልክት ሊያጠፋ ይችላል፤ የተሰበረ አጥንትን ግን አይደብቅም። አስከሬን ከሌለስ? ግድያ በምስክርም ይረጋገጣል። ለውርስና ለጋብቻ ነገር ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ይፈቅዳል።

«ከሩቅ የሆነ ነገር በምስክር ይዳኛል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ሔግ ላይ የተቀመጠ ችሎት የደርግ ሹም በነበረው በእሸቱ ዓለሙ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። አንዱ ክስ ነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ የተገደሉ 75 እስረኞች ጉዳይ ነበር። ሰውየው የኔዘርላንድ ዜግነት ይዞ ስለነበር ዳኞቹ የጎጃምን ሞት እዚያው ዳኙ። ወደ አርባ ዓመት አልፎ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በወረቀትና በሰው ቃል።

እንግዲህ ለዚያች እናት ምን ልበላት? ገዳዩን የመን ድረስ ሄዳ አታመጣውም። ግን የወንጀል ሕጋችን ድርጊቱና ውጤቱ በተለያየ ቦታ የሆኑ እንደሆነ ወንጀሉ በሁለቱም ቦታ እንደተፈጸመ ይቆጥራል። ልጁ የመን ሞተ፤ የተመለመለው ግን ጫት ተራ ነው። ማስለቀቂያው የመን ተጠየቀ፤ ብሩ የተቆጠረው ግን ጭሮ ነው። ገመዱ አንድ ነው፤ አንዱ ጫፍ በረሃ ውስጥ ቢጠፋም ሌላው ጫፍ እዚሁ እጃችን ላይ ነው። አዋጅ 1178/2012 ሰውን ለብዝበዛ መመልመልን፣ ማጓጓዝን፣ ማስጠለልንና መቀበልን ራሱን ወንጀል አድርጎታል፤ ሞት ከተከተለ ቅጣቱ ይከብዳል። ለዚህ አንቀጽ 18 አያስፈልግም፤ አንቀጽ 11 ይበቃል። ስለዚህ አቤቱታዋ «ልጄ የመን ሞተ» ብሎ አይጀምር። «እገሌ የሚባል ሰው በዚህ ቀን ልጄን ከዚህ ቦታ ወሰደ፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ከእጄ ተቀበለ» ብሎ ይጀምር። ያኔ የተቀበላት ሰው የየመንን ካርታ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የጭሮን ሰው ነው።

ማስረጃውም እዚሁ ነው። የተደወለበት ቁጥር፣ የድምፅ መልእክቱ፣ ብሩን የተቀበለው ሰው፣ አብሮ ሄዶ የተመለሰው ልጅ ስምና አድራሻ። የጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከኢትዮ ቴሌኮም ሊወጣ ይችላል፤ ቆይተው ከጠየቁት ግን ላይገኝ ይችላል። ስልኩ ሲበላሽ ድምፁ አብሮ ይጠፋልና ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ይገልበጥ።

የቀረው የእኛ የራሳችን ነገር ነው፤ እሱን ሳልናገር አልነሣም። ደላላው እንግዳ ሰው አይደለም፤ የአጎት ልጅ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው። ነገሩ ሲሰማ ሽማግሌ ይላካል፣ ጉማ ይከፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ዕርቅ መልካም ነው፤ ደም እንዳይመላለስ ያደርጋል። ነገር ግን ግድያና በሰው መነገድ ሟች ቤት ታርቋል ተብሎ የሚዘጋ ወንጀል አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 25 ዓመት ነው። ዛሬ ከበረሃ የተመለሰው የሃያ ዓመት ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላውም ቆሞ «ይህ ነው» ማለት ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ሽማግሌ ከመጣ ቡና አፍሉለት፣ ቃሉን ስሙት፣ እጁን ጨብጡት። ስልኩንና የድምፅ ቅጂውን ግን እንዳትሰጡት።